በእድራችን በአንድ ዓመት 5 ሰው «በካንሰር» ሞተ፤ የወረዳችን ይፋ ቁጥር የት አለ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ዳር ላይ ያለ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። 320 አባወራ አለን። አምና መዝገባችን ላይ 13 ሞት ሰፍሯል፤ ከነዚህ 5ቱ በካንሰር ነው ተብሏል። ካቻምና በካንሰር የተባለው አንድ ብቻ ነበር። ሰፈሩ ተረብሿል። ውሃው ነው የሚል አለ፣ የፋብሪካው ጭስ ነው የሚል አለ። ጤና ጣቢያ ብጠይቅ ወረዳ ሂድ አሉኝ፤ ወረዳው ክፍለ ከተማ ሂድ አለኝ። የወረዳችን ሰው በምን በምን እንደሚሞት የሚያሳይ ይፋ ቁጥር የት ይገኛል? ባገኘውስ እንዴት ነው የማነበው? የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለን።»

መልስ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መጀመሪያ ደስ የማይለውን ልናገርና ልገላገል። «በወረዳ እገሌ፣ በዚህ ዓመት፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ፤ ከነሱ ይህን ያህሉ በካንሰር» የሚል የተሟላ ይፋ ሰነድ የለም። ከቢሮ ቢሮ ያመላለሱዎት ሰዎች የደበቁት ነገር ያለ አይመስለኝም። የሌላቸውን ነው የጠየቋቸው።

ያለው ቁርጥራጭ ነው። አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ ወረዳ፣ አንዱ መካነ መቃብር፣ አንዱ ፖሊስ ጋ ተቀምጧል። እያንዳንዱን ማን እንደጻፈውና ለምን ብሎ እንደጻፈው ካወቁ ብዙ ይነግርዎታል። ይህን ሳያውቁ ካነበቡት ግን ያሳስትዎታል። ስለዚህ በየጠረጴዛው ልውሰድዎት።

ከሆስፒታሉ እንጀምር፤ ሰው «ይፋ ቁጥር» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። ጤና ሚኒስቴር «ጤናና ጤና ነክ አመልካቾች» እየተባለ የሚጠራ ዓመታዊ ኅትመት አለው። የዋና ዋና ሕመሞችና የሞት ምክንያቶች ዝርዝር የሚፈለገው እዚያ ነው። ቁጥሩ የሚነሳው ከጤና ተቋማት ነው። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ በየወሩ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ሪፖርቱ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ላይ እየተደመረ ሚኒስቴር ይደርሳል። ወረዳዎ ያለው የጤና ጽሕፈት ቤት የራሱን ድርሻ ማየት ይችላል። እዚያ የሚቀመጠው ሰው የጤና መረጃ ባለሙያ ይባላል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው «ኤችኤምአይኤሱ» ብሎ ነው የሚጠራው። እሱን ፈልገው ያግኙት። ኃላፊውን ብቻ ካናገሩ ነገሩ ቃል ሆኖ ይቀራል።

አሁን ልብ ይበሉ። ይህ ሥርዓት የሚቆጥረው ጤና ተቋም ውስጥ የሞተውን ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው። ካንሰር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ሲያልቅበት «ቤት ወስዳችሁ አስታሙት» ይላል። ሕመምተኛው ከወር ከሁለት ወር በኋላ አልጋው ላይ ያርፋል። ሆስፒታሉ ይህን ሞት አያውቀውም። እንግዲህ የሆስፒታሉ ዝርዝር ላይ ካንሰር ዝቅ ብሎ ቢያዩት ካንሰር ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው የጨቅላ ሕፃናት ሞት አናት ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። በእርግጥም ከባድ ችግር ነው። ግን ሆስፒታሉ የጨቅላ ክፍል ውስጥ የሚሞት ጨቅላ እዚያው ስለሚቆጠር ነው ከሌላው ጎልቶ የሚታየው።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ አድራሻ። ሞቱ የሚመዘገበው ተቋሙ ባለበት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከመላ አገሪቱ የካንሰር ሕሙማንን ይቀበላል። ከአርሲ የመጣ ሰው እዚያ ቢሞት፣ ሪፖርቱ ላይ ሞቱ የተፈጸመው አዲስ አበባ ነው። የእርስዎ ጎረቤት እዚያ ቢሞት ደግሞ በወረዳዎ ሪፖርት ላይ አይታይም። ወረዳዎ ውስጥ ጤና ጣቢያ ብቻ ካለ የተቋም ሞቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅ ይሆናል። ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ጎረቤት ወረዳ ግን ሰው የሚረግፍበት ሊመስል ይችላል። ሁለቱን ወረዳዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር ስለሆስፒታል ሕንፃ እንጂ ስለ ሰው ጤና የሚነግርዎት ነገር የለም።

ከዚያ ሐኪሙ ምን ጻፈ የሚለው ይመጣል። አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። የ58 ዓመት ሰው ናቸው እንበል። ስኳር ከያዛቸው 15 ዓመት ሆኗቸዋል። እግራቸው ቆሰለ፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገባ፤ አረፉ። ዓለም አቀፉ የሞት ምክንያት ቅጽ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ሐኪሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ አናቱ ላይ በቀጥታ የገደለውን፣ ከሥሩ እሱን ያመጣውን፣ ከሁሉ በታች ነገሩን የጀመረውን ይጽፋል። እኚህ ሰው ላይ ሲሆን የደም ኢንፌክሽን፣ ያመረቀዘ የእግር ቁስል፣ ስኳር ይሆናል። ደም ግፊት ከነበረባቸው በሁለተኛው ክፍል ይገባል፤ አባባሽ ነውና። ለስታቲስቲክስ የሚቆጠረው አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉን የጀመረው። ስኳር።

እሺ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድካም የጣለው ተረኛ ሐኪም «ካርዲዮ ረስፒራቶሪ አረስት» ብሎ ቢያልፍስ? ልብና ትንፋሽ ቆመ ማለት ነው። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው መቼም የለም! ይህ ጽሑፍ ስለ ሰውየው ምንም አልነገረንም። ስኳሩም ከቁጥሩ ወጣ። ስለዚህ ማንኛውም የሞት ምክንያት ሠንጠረዥ እጅዎ ሲገባ ከላይ ያሉትን በሽታዎች ከማየትዎ በፊት ይህን ይፈልጉ፦ «ልብ መቆም»፣ «ሴፕሲስ» (የደም ኢንፌክሽን)፣ «እርጅና»፣ «ያልታወቀ»፣ «ሌሎች»። እነዚህ ተደምረው የሠንጠረዡን ሲሶ ከያዙ «አንደኛ ገዳይ ይህ ነው፣ ሁለተኛ ያ ነው» የሚለውን ደረጃ ብዙ አይመኑት። ከዚያ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ያለው የትኛው በሽታ እንደሆነ አይታወቅማ።

ወደ ወረዳው እንሻገር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን መመዝገብ ግዴታ አድርጓል። ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ሥራውን የያዘው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ወረዳዎ ግቢ ውስጥ አለ። በሕጉ ሐሳብ ከሄድን የእርስዎ ጥያቄ መልስ መገኘት የነበረበት እዚህ ነው። በነዋሪው አድራሻ የሚመዘግብ እሱ ነውና።

ግን ማን ነው ሄዶ የሚያስመዘግበው? የሞት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው ነው። ውርስ ያለው፣ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ያለው፣ ጡረታ የሚያዛውር፣ ካርታ ላይ ስም የሚያስቀይር። ንብረት ያላቸው አባወራ ሲሞቱ ቤተሰቡ ይሄዳል። ተከራይ እናት ስትሞት፣ የሦስት ወር ሕፃን ሲሞት ማን ይሄዳል? ስለዚህ የመዝገቡ ቁጥር ከእውነተኛው በጣም ያንሳል፤ የተመዘገቡትም የሟቾቹን ሁሉ መልክ አያሳዩም። ምክንያቱ ላይ ደግሞ ቤት የሞተ ሰው የሐኪም ወረቀት የለውም። ከዚህ ቢሮ ስንት ሞት በዓመት እንደተመዘገበ፣ በጾታና በዕድሜ ይጠይቁ። የምክንያቱን ዓምድ ቢሰጡዎትም በጥርጣሬ ይያዙት።

መካነ መቃብር ላይ ትንሽ ልቆይ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ ከተማችን በሌላ ቦታ ብዙም ያልተሞከረ ነገር ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ሰዎች የከተማዋን መካነ መቃብሮች ሁሉ መከታተል ጀመሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም፣ የሙስሊሙንም፣ የማዘጋጃውንም። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰው ያለ ሆስፒታል ሊሞት ይችላል፣ ያለ ምዝገባም ሊሞት ይችላል። ያለ መቃብር ግን የለም። በየቦታው የሚቀመጥ ጸሐፊ የሟቹን ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ቤተሰቡ የተናገረውን ምክንያት ይመዘግባል። ከዚያ ከሟቾቹ መካከል በናሙና ተመርጦ የሠለጠነ ጠያቂ ቤታቸው ይሄዳል። ያስታመመውን ሰው ሕመሙ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቃል፦ ክብደት ቀንሶ ነበር? ስንት ጊዜ አሳለው? እብጠት ነበረው? የት? ሐኪሞች መልሱን አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። ይህ ዘዴ ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ መጠይቅ አለው።

የተጀመረው ኤች አይ ቪን ለመከታተል ነበር። ያኔ «ኤድስ» ብሎ በመቃብር መዝገብ ላይ የሚያስጽፍ ቤተሰብ ማን አለ? «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «አልማዝ ባለጭራ» ይባል ነበር። አጥኚዎቹ የቤተሰቡን ቃል ከሆስፒታል ውጤት ጋር ሲያመሳክሩ ከእነዚህ አባባሎች አንዳንዶቹ በሽታውን በደንብ እንደሚጠቁሙ አገኙ። በዚህ መንገድ ነው እ.ኤ.አ. በ2005 የነጻ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የከተማዋ የኤድስ ሞት በግልጽ ሲወርድ የታየው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ያለው የአዋቂዎች ሞት ሲተነተን ደግሞ ግማሽ ያህሉ ልብን፣ ደም ሥርን፣ ካንሰርንና ስኳርን በመሳሰሉ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ሆኖ ተገኘ። ሰው በቅርቡ የመጣ ነገር ይመስለዋል እንጂ ያኔም እንዲህ ነበር።

ለእርስዎ ከዚህ የሚጠቅምዎት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የቤተሰብ ቃል ከንቱ አይደለም፤ ግን መፈታት አለበት። ያኔ ኤድስ በሌላ ስም ይጠራ እንደነበረው ሁሉ ዛሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ «ካንሰር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ሆድ ያበጠ ሰው ሁሉ «የጉበት ካንሰር» ይባላል፤ የቆየ የሄፓታይተስ በሽታ ያመጣው የጉበት መጠጠር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል እውነተኛ ካንሰር «ባደረበት ሕመም» ተብሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ቀብር የተፈጸመበትን ቦታ አስተዳደር ማነጋገር ያዋጣል። የሰፈርዎ ሰው በብዛት የሚቀበርበት አንድ ሁለት ቦታ ይኖራል። የቀብር ቁጥሩ ባለፉት ዓመታት ጨምሯል ወይስ አልጨመረም የሚለውን ቢያንስ ከዚያ ያያሉ።

ገጠሩን የሚመለከት ካስፈለገዎ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ቤት ለቤት የሚከታተሏቸው ቦታዎች አሉ፤ ቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ክልተ አውላዕሎ። የእርስዎ ጉዳይ ከተማ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ፖሊስንም በአጭሩ። የመኪና አደጋ ሞት የሚቆጠረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለኢትዮጵያ ይፋ የተደረገው የትራፊክ ሞት 4,352 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው 27,326 ነው። ሁለቱም ይፋ ቁጥር ናቸው! አንዱ ተቆጥሮ የተላከ ነው፤ ሌላው ቆጠራው ጎዶሎ ነው ተብሎ በሒሳብ የተሞላ። «ይፋ» የሚለው ቃል ማን እንዳወጣው እንጂ ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ አይናገርም።

ይህ ወደ ግምት ያመጣናል። ኢንተርኔት ላይ «ኢትዮጵያ ውስጥ በካንሰር በዓመት ይህን ያህል ሰው ይሞታል» የሚሉ ቁጥሮች በሙሉ ማለት ይቻላል የሞዴል ግምት ናቸው። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው ብሔራዊ የመረጃ አስተዳደር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆኖ የክልሎችንና የአዲስ አበባን ግምት ሠርቷል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ወረዳ ድረስ አይወርድም። «የወረዳችሁ ግምት ይኸውላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ የከተማውን ቁጥር በሕዝብ ብዛት አካፍሎ የሰጠዎት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት ሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ነው፤ የእርስዎን ጥያቄ ሊመልስ ፈጽሞ አይችልም።

ግምትም ይሁን ዳሰሳ ጥናት፣ ከዋናው ቁጥር ጎን የሚጻፉትን ሁለት ቁጥሮች አይዝለሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 ነበር። ጋዜጣው 412 ብሎ ጻፈ፤ አለቀ። ሪፖርቱ ግን እውነቱ ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ይህ የአገር ቁጥር ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተጠይቀው የተገኘ። 320 አባወራ ላይ ስንወርድ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያስቡት።

ሌላው አካፋዩ ነው። ስንት ሰው ሞተ ብቻ ሳይሆን ከስንት ሰው መካከል? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ወረዳዎ የሚጠቀመው የሕዝብ ብዛት ከዚያ ወዲህ በትንበያ የተገፋ ነው። እርስዎ ያሉበት ዓይነት ዳር ላይ ያለ ሰፈር ደግሞ በኮንዶሚኒየም ምክንያት በጥቂት ዓመታት ሕዝቡ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰው እጥፍ ከሆነ ሞትም እጥፍ ቢሆን ምን ይገርማል? ወሰንም ይቀየራል። ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲወጣ ከቦሌና ከየካ ነው የተቆረሰው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የቦሌ ቁጥር የሚያወዳድር ሰው ሞት የቀነሰ ይመስለዋል። የበጀት ዓመቱም አለ፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የጤናው ሪፖርት በዚህ ይሄዳል፣ የእድርዎ መዝገብ ምናልባት ከመስከረም ይጀምራል፣ የውጭ ድርጅቶች ከጃንዋሪ። ሁለት ቁጥር ሲያወዳድሩ መጀመሪያ ዓመቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ይጠይቁ።

አሁን ወደ እርስዎ መዝገብ። እውነቱን ለመናገር እጅዎ ላይ ያለው ነገር ወረዳው ካለው በአንዳንድ ነገር ይሻላል። እድር ሞት አያመልጠውም፤ ክፍያ አለበትና። ግን መዝገቡ የተጻፈው ለክፍያ ነው እንጂ ለጤና አይደለም፤ ስለዚህ ማጥራት ያስፈልጋል። ከ13ቱ ውስጥ ስንቶቹ እዚያው ሰፈር ይኖሩ ነበር? ብዙ እድር የአባል አባትና እናት ገጠር ቢሞቱም ይከፍላል። ሐረርጌ የሞቱ አማት የእናንተን ውሃ አልጠጡም። በሌላ በኩል ገና ያልተከፈለላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ተከራዮች፣ ሕፃናት መዝገቡ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ።

በካንሰር የተባሉትን አምስቱን አንድ በአንድ ይያዙ። ቤተሰቡን ሲያነጋግሩ በትሕትና፣ ከአርባው በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ዕድሜ ስንት? ሰፈሩ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሩ? የት ታከሙ? የባዮፕሲ ወይም የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት የተጻፈበት ወረቀት አለ? ካንሰሩ የምን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። አንዷ የጡት፣ አንዷ የማሕፀን በር፣ አንዱ የፕሮስቴት፣ አንዱ የትልቁ አንጀት፣ አንዱ «የጉበት» ከሆነ አምስቱን የሚያስተሳስር አንድ ውሃ ወይም አንድ ጭስ መኖሩ አጠራጣሪ ነው። መንስኤያቸው የተለያየ ነዋ። አምስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ በተለይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ዓይነት ወይም በለጋ ዕድሜ ከሆነ፣ ያኔ እኔም እደነግጣለሁ። ካንሰር ደግሞ ከመነሻው እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሰፈሩ ከገባ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው በሰፈሩ ጭስ ነው የታመመው ማለት ያስቸግራል።

ከ1 ወደ 5 መዝለሉስ? የእድሩን መዝገብ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ገልጠው በየዓመቱ በካንሰር የተባለውን ይቁጠሩ። አማካዩ በዓመት 2 ሆነ እንበል። አማካይ 2 ማለት በየዓመቱ 2 ማለት አይደለም። አንድ ዓመት ዜሮ፣ አንድ ዓመት 3፣ አንድ ዓመት 1 ይሆናል። በሒሳብ ሲሰላ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይፈጠር፣ በዕድል ብቻ በአንድ ዓመት 5 ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 5 ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እድር አለ? እንደ እናንተ ካሉ 100 እድሮች በየዓመቱ 5 ያህሉ እንዲህ ያለ ዓመት ይገጥማቸዋል። እነዚያ አምስት እድሮች ይደነግጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ሌሎቹ 95 አይጠይቁም። ለእኔ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ከአምስቱ ነው የሚመጡት ማለት ነው። አማካዩ 2 ሳይሆን 4 ከሆነ አምስት ምንም አይደለም። አማካዩ ግማሽ፣ ማለትም በሁለት ዓመት አንድ፣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ አሥር ዓመቱን ይቁጠሩ።

ይህን ስል የሰፈር ሰው ትዝብት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው። ትግራይ ውስጥ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ጸዓዳ እምባ በምትባል ትንሽ መንደር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ ያስተዋለው ነዋሪው ነው። ውሎ አድሮ ጉበታቸውን የሚጎዳው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚገባ የአረም መርዝ መሆኑ ተደረሰበት። የጉሮሮ ቱቦ ካንሰርም እንዲሁ ነው፤ አርሲና ባሌ ላይ ከሌላው በዝቶ እንደሚታይ የታወቀው ሐኪሞቹ የሕሙማኑን የትውልድ አካባቢ ልብ ብለው በማየታቸው ነው። ሁለቱ ምን እንደሚያመሳስላቸው ይመልከቱ። አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ አካባቢ፣ ለዓመታት የማይቆም። የእርስዎ መዝገብ ይህን መልክ ይይዝ እንደሆነ ነው የሚፈለገው።

እንግዲህ የት ይሂዱ? እኔ ብሆን ወደ ካንሰር መዝገቡ ነው ቀድሜ የምሄደው። ጥቁር አንበሳ ላይ መቀመጫውን ያደረገ የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ። የከተማዋ ነዋሪ የሆኑ አዳዲስ ሕሙማንን ከመንግሥትም ከግልም ተቋማት ይሰበስባል። ሞትን ሳይሆን አዲስ ሕመምን ነው በዋናነት የሚቆጥረው፤ ለእርስዎ ግን ይህ የተሻለ ነው፤ በነዋሪነት አድራሻ ስለሚሄድና የካንሰሩን ዓይነት ስለሚለይ። እስካሁን ከወጣው እንደምናየው ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ጡት አንደኛ፣ የማሕፀን በር ሁለተኛ።

ከዚያ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት። በቃል አይጠይቁ። በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ይጻፉ፤ ገቢ ያስደርጉና ቁጥሩን ይያዙ። እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦ «ካለፉት 5 የበጀት ዓመታት፣ የወረዳችን ነዋሪ የሆኑ ሟቾች ብዛት፣ በጾታ፣ በዕድሜ (ከ5 ዓመት በታች፣ 5–14፣ 15–49፣ 50–69፣ 70 እና በላይ) እና በሞት ምክንያት እንዲሰጠን፤ በነዋሪነት የተለየ ከሌለ ይህ ተጠቅሶ በወረዳው ባሉ ተቋማት የተመዘገበው እንዲሰጠን፤ ስሌቱ የተሠራበት የሕዝብ ብዛትም እንዲገለጽልን።» ስም አይጠይቁ፤ ስም ከጠየቁ በትክክል ይከለክሉዎታል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ካልሰጡ አቤቱታው የሚቀርበው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በዚሁ ደብዳቤ ግልባጭ የክፍለ ከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ድንገተኛ የጤና ጉዳዮችን የሚከታተል ክፍል አላቸው። አምስቱ አንድ ዓይነት ካንሰር ሆነው ከተገኙ ደግሞ ደብዳቤውን ሳይጠብቁ ዕለቱን በአካል ሄደው ያመልክቱ።

ለእሑዱ ስብሰባ ከሐኪም የተረጋገጠ ወረቀት ያለው ስንት እንደሆነና የአሥር ዓመቱ አማካይ ስንት እንደሆነ ይዘው ይግቡ። ምክንያቱ ይህ ነው ብለው ግን ቃል አይግቡ። ከሟቾቹ መካከል በማሕፀን በር ካንሰር ያረፈች ካለች፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ቅድመ ምርመራውን ጤና ጣቢያ እንደሚያገኙት እዚያው ይናገሩ፤ ብዙ ሰው አያውቅም።

ውሃውንና ጭሱን በተመለከተ የሞት ቁጥር መጠበቅ አያስፈልግም። ብክለትን በካንሰር ሞት መለየት በጣም ዘገምተኛ መንገድ ነው፤ በትንሽ ሰፈር ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ውሃው በቀጥታ ይመረመራል፤ ጥያቄው ለከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ይቀርባል፤ ጭሱም ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን። የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቤት ካለ ያንን ለይተው ይጥቀሱ። እነዚህን ሁለት ማመልከቻዎች ስብሰባው ላይ አጸድቀው ሰኞ ማስገባት ይችላሉ።